እንግሊዝኛ ለማስተማር ወደ ውጭ አገር፦ የትኛውን ጥሪ እንቀበል?

ርእሰ አንቀጽ

የምረቃ ወራት በተቃረበ ቁጥር በየመኝታ ክፍሉና በየሻይ ቤቱ የሚነሣው ጨዋታ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ ይኸውም «የት አሰብህ?» «አንቺንስ ከየት ጠሩሽ?» መባባል ነው። ቀድሞ ለዚህ ጥያቄ ይሰጥ የነበረው መልስ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደጀን፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ነበር። ዛሬ በነዚህ ስሞች መካከል ሐርጌሳ፣ ዱባይና ባንኮክ ገብተውበታል። በተለይም በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ያሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን «ለጎልማሶች እንግሊዝኛ የሚያስተምር እንፈልጋለን» የሚል መልእክት በየስልካቸው ይደርሳቸዋል። አንዳንዱም ተማሪ ሁለትና ሦስት ጥሪ ባንድ ጊዜ ይዞ፣ የትኛውን ልያዝ የትኛውን ልጣል እያለ እንቅልፍ አጥቷል።

ነገሩ የአንድ ሰው የግል ጉዳይ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ የሚያደርግ ምክንያት አለ። በጎጃም ገጠር ያደገ ልጅ ለመንገድ የሚሆን ገንዘብ ሲያስፈልገው የሚሸጠው የራሱን ንብረት ሳይሆን የአባቱን ጥማድ በሬ ነው። ጥሪው ሐሰት ሆኖ የተገኘ እንደሆነ የሚጎዳው ልጁ ብቻ አይደለም፤ የመጪው ክረምት እርሻም አብሮ ይቀራል። ስለሆነም በጉዳዩ ላይ አሳባችንን መግለጥ ግዴታችን ነው ብለን እናምናለን።

አሳባችንም ይህ ነው። ጥሪ የሚመዘነው በአገሩ ስም ወይም በደመወዙ ቁጥር አይደለም። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስለ እኔ ኃላፊ የሚሆነው ማን ነው? ይህስ በጽሑፍ ሰፍሯልን?» የሚለው ነው። ይህን ፈተና ካለፉት ጥሪዎች መካከል ደግሞ ሊመረጥ የሚገባው፣ ከሄድንበት የተሻልን አስተማሪዎች ሆነን የምንመለስበት ነው።

አስቀድመን ከሁለት ወገን የሚሰማውን ንግግር እንመልከት። አንደኛው ወገን «ሕዝብ በግብሩ አስተምሯችሁ ለሌላ አገር ሰው ልታስተምሩ መሄዳችሁ ውለታ መብላት ነው» ይላል። ይህን የሚሉ ከመምህሮቻችንም መካከል አሉ፤ አሳባቸውንም እናከብራለን። ነገር ግን ስለ ትምህርት ብሎ ከአገር መውጣት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከእናት ካባቱ ተለይቶ፣ በዲማ ጊዮርጊስ፣ በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ መምህራንን ደጅ ሲጠና ኖሯል። ከጎንደርና ከወሎ፣ ከሸዋና ከትግራይ ቅኔ ፍለጋ ወደ ጎጃም የመጣ፣ ከጎጃምም ለዜማና ለትርጓሜ ወደ ሌላ አገር የተሻገረ ስንቱ ነው! ዳሩ ግን ያ ተማሪ የደብሩን ስም ብቻ ሰምቶ አይነሣም ነበር። «መምህሩ ማን ነው? ከማን ተማረ? እነማንን አስተምሮ ለወንበር አበቃ?» ብሎ ከመንገደኛ ሁሉ ይጠይቅ ነበር። ያለ ስልክና ያለ ጋዜጣ፣ በእግሩ እየሄደ ይህን ያህል ካጣራ፣ እኛ ደግሞ በእጃችን ባለው መሣሪያ ምን ያህል ማጣራት በተገባን!

ሁለተኛው ወገን «እዚህ ከመቀመጥ የትም መሄድ ይሻላል» የሚለው ነው። የዚህን ወገን ምሬት እናውቀዋለን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ አሠራር ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር፣ ዓመት ሳይሞላው ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የዲግሪ ተመራቂ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ማሻሻያው በጎ ነገር ነው፤ ሆኖም ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ በልቶና ለብሶ፣ ለታናናሾቹ ደብተር መግዛት ለሚገባው ሰው ስሌቱ ቀላል አይደለም። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ከተመደበበት ቀበሌ ደርሶ ማስተማር ያልቻለው መምህር ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ልሂድ የሚለውን ሰው አንነቅፈውም። የምንነቅፈው «የትም» የሚለውን ቃል ነው።

«የትም» ያሉ ሰዎች የደረሱበትን ቦታ አይተናልና። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በማያንማር ጠረፍ፣ ማያዋዲ በተባለው ስፍራ፣ በኢንተርኔት ሰው እንዲያጭበረብሩ በግድ ይሠሩ ከነበሩት መካከል 260 የሚሆኑ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች ወደ ታይላንድ ተሻግረው ነበር። የታይላንድ ጦር እንዳስታወቀው ከነዚህ ውስጥ 138ቱ፣ ማለትም ከግማሽ የሚበልጡት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዚያ ጠረፍ እንዲህ ባለው ወጥመድ የወደቁት ብዙዎች ከአገራቸው የወጡት በታይላንድ ጥሩ ሥራ አለ ተብለው ነው። ልብ በሉ! እንዲህ ያለው ወጥመድ የሚፈልገው ያልተማረውን ሰው አይደለም፤ እንግሊዝኛ የሚጽፈውንና ኮምፒዩተር የሚያውቀውን ነው። እኛን የሚመስለውን ማለት ነው።

እንግዲህ ደኅናው ጥሪ ምን ይመስላል? ለዚህ ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በአንድ ወቅት እኛው ራሳችን ጠሪዎች ነበርንና። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛና ሌላም ትምህርት ማስተማር ጀመሩ። ብዙዎቹ እንደ እኛ ገና ከኮሌጅ የወጡ ነበሩ። ነገር ግን ከመነሣታቸው በፊት በዋሽንግተን በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሥልጠና አግኝተው፣ አማርኛም ጥቂት ጥቂት ለምደው ነበር። የአገልግሎታቸው ዘመን ሁለት ዓመት መሆኑ የታወቀ ነው፤ የመሄጃና የመመለሻ ጉዞአቸውን፣ ሕክምናቸውንና የመኖሪያ ገንዘባቸውን የሚችል መንግሥት ነበራቸው፤ የሚያስተምሩበትም ትምህርት ቤት የታወቀ ነበር። ከነዚያ ወጣቶች አንዱ በምሥራቅ አፍሪካ ተራራ ላይ ቢታመም ማን እንደሚጠየቅ ያውቅ ነበር። እኛም የምንጠይቀው ከዚህ የበለጠ አይደለም፤ ከዚህ ያነሰ ግን መቀበል አይገባንም።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። አንድ ተመራቂ ሦስት ወረቀት በእጁ ይዟል እንበል።

የመጀመሪያው ከሐርጌሳ ነው። የማታ ትምህርት ቤት ነው፤ ተማሪዎቹ ነጋዴዎችና የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። ደመወዙ በወር 450 ዶላር፣ ሥራው በሳምንት 24 ክፍለ ጊዜ፣ ውሉ የ10 ወር ሲሆን፣ መኖሪያ ቤት ከሌላ መምህር ጋር በጋራ ይሰጣል። ሁለተኛው ከአንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ ነው። ደመወዙ 900 ዶላር ነው፤ ቤት የለውም፤ «ለጊዜው በጎብኚ ቪዛ ግባ፤ የሥራ ፈቃዱን እዚህ እናወጣልሃለን» ይላል። ሦስተኛው ከሩቅ ምሥራቅ ነው። ደመወዙ 1,500 ዶላር ነው፤ የትምህርት ማስረጃ አይጠይቅም፤ ቃለ መጠይቁ በስልክ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ነበር፤ የአውሮፕላን ቲኬቱ በዚሁ ሳምንት ይላካል። የትምህርት ቤቱ ስምና አድራሻ ግን ከወረቀቱ ላይ የለም።

ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ሦስተኛውን ያነሣል። እኛ ግን ሦስተኛውን ሳንውል ሳናድር እንጣለው እንላለን። ዲግሪ ሳይጠይቅ፣ ሲያስተምሩ ሳያይ፣ ሦስት እጥፍ የሚከፍል ትምህርት ቤት የሚፈልገው አስተማሪ አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በዐሥር ደቂቃ የተገኘ ሥራም እንደዚሁ ነው።

ሁለተኛውን ደግሞ በእርሳስ እናስላው። ከ900 ዶላሩ ላይ ለአልጋ ኪራይ 350፣ ለምግብና ለመጓጓዣ 250 ቢወጣ የሚተርፈው 300 ነው። ከመጀመሪያውም ቤቱ በነጻ ነውና ለምግብና ለልዩ ልዩ 150 ቢወጣ የሚተርፈው ያው 300 ነው። ታዲያ እጥፍ የመሰለው ደመወዝ የት ደረሰ? ቀሪው ልዩነት የፈቃዱ ነው። በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው የመሥራት መብት የለውም፤ አሠሪው ደመወዙን ቢያስቀርበት የሚከስበት ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለው ሰው የሚኖረው በአሠሪው መልካም ፈቃድ ነው እንጂ በውል አይደለም።

የመጀመሪያው ጥሪ ምንም እንኳ ትንሽ ቢመስል ሊጠየቅ የሚችል ነው። ሐርጌሳ በጅጅጋና በቶጎ ወጫሌ በኩል በመኪና የሚደረስበት ከተማ ነው፤ የአገራችን ቆንስላ አለበት፤ በዚያ ያስተማሩ ኢትዮጵያውያንን ፈልጎ ማነጋገር ይቻላል። ይህም ሆኖ ዐይንን ጨፍኖ መፈረም አይገባም። የመኖሪያ ፈቃዱን የሚከፍለው ማን ነው? በበዓልና በእረፍት ወራት ደመወዝ አለን? ውሉ ከጊዜው በፊት ቢፈርስ የመመለሻው ወጪ በማን ላይ ነው? ፓስፖርቱስ በማን እጅ ይቀመጣል? ለነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ የማይሰጥ ትምህርት ቤት፣ ከተማው የቅርብም ቢሆን፣ ሩቅ ነው።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣውና በ2013 ዓ.ም. የተሻሻለው የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ፣ ቁጥር 923/2008፣ ወጪውን በግልጽ ከፍሎ አስቀምጧል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ዋስትናም ክፍያ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራ፣ ለክትባት፣ ለልደት የምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነጻ ለመሆኑ ማስረጃና ለመሳሰሉት የራሱ ሰነዶች ነው። እንግዲህ «ለቪዛ ማስጨረሻ ይህን ያህል ሺህ ብር አምጣ» የሚል ደላላ ሲመጣ፣ በሬው ከመሸጡ በፊት ይህ አዋጅ ለአባትየው ሊነበብላቸው ይገባል። ውሉንም ይዞ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወይም በየዞኑና በየከተማው ወዳለው የሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤት ሄዶ መጠየቅ አሳፋሪ ነገር አይደለም።

የሌላውንም አገር ሕግ ማወቅ ይጠቅማል። ለምሳሌ በደቡብ ኮርያ ለቋንቋ አስተማሪ የሚሰጠው ኢ-2 የተባለው ቪዛ፣ ለእንግሊዝኛ አስተማሪዎች የሚፈቀደው ለአሜሪካ፣ ለብሪታንያ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒው ዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ ዜጎች ነው። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ዘምቶ ደሙን ያፈሰሰበት አገር መሆኑን አስበን ቅር ሊለን ይችል ይሆናል፤ ሕጉ ግን ሕግ ነው። ስለዚህ «በኢ-2 ቪዛ ኮርያ አስገባችኋለሁ» ለሚል ሰው፣ ሌላ ምርመራ ሳያሻ፣ መልሱ አንድ ብቻ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ከአሠሪው ስለሚጠበቀው ነው። ከእኛስ? አበው ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለዋል። ዛሬ «የእንግሊዝኛ ማስተማር የምስክር ወረቀት» የሚባለው በኢንተርኔት በጥቂት ዶላር ይሸጣል። ከዚህ ዓይነቱ ብዙው ተማሪ ፊት ሳይቆሙ የሚገኝ ነው። በዓለም የታወቀው ሴልታ የተባለው የካምብሪጅ ምስክር ወረቀት ግን ቢያንስ 120 ሰዓት ትምህርት ይጠይቃል፤ ከዚህም ውስጥ 6 ሰዓት መምህራን እየተመለከቱ ለጎልማሶች ማስተማር ግዴታ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ወረቀቱ ሳይሆን እነዚያ 6 ሰዓታት ናቸው።

ጎልማሳን ማስተማር ልጅን እንደ ማስተማር አይደለምና። ልጅ ፈተና ስላለበት ይቀመጣል፤ ጎልማሳው ሥራ ውሎ፣ ደክሞት፣ ከራሱ ኪስ ከፍሎ ይመጣል። ሾፌሩ የሚፈልገው የመንገድ ምልክት ማንበብ ነው፤ ነርሷ የምትፈልገው የበሽተኛውን ሕመም በትክክል መጠየቅ ነው፤ ነጋዴው የሚፈልገው ደብዳቤ መጻፍ ነው። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ሰዋስው ቢነበብላቸው በሁለተኛው ሳምንት ይቀራሉ። ከዚህም ሌላ እኛ ክፍል ውስጥ ነገሩ ሲጠብቅብን አማርኛ እንደ ምርኩዝ ያገለግለናል፤ መምህሩ በእንግሊዝኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሰዋል። ሶማሊኛ ወይም ዐረብኛ በሚናገር ተማሪ ፊት ይህ ምርኩዝ የለም። በዚያን ጊዜ በሥዕል፣ በእጅ ምልክት፣ በአጭር ዐረፍተ ነገር ማስረዳት የሚችልና የማይችል ይለያል።

ስለሆነም ለተማሪዎች ኅብረትና ለእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል መምህሮቻችን ሁለት አሳብ እናቀርባለን።

አንደኛው፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ከተማ ለጎልማሶች የማታ እንግሊዝኛ ክፍል እንዲከፈት ነው። የሆቴል ሠራተኛው፣ ባለሱቁ፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኛው፣ የባጃጅ ነጂው በሳምንት ሁለት ማታ ይማር። አስተማሪዎቹ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ይሁኑ። መምህሮቻችን ደግሞ ለእያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ 6 ሰዓት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይመልከቱት፤ ያዩትንም በጽሑፍ ይስጡት። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና መብራት ነው፤ የትምህርቱን ወረቀት ይህን ጋዜጣ በምናባዛበት መኪና ለማባዛት እኛ ዝግጁ ነን። ይህ አሠራር አዲስ ፈጠራ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ እንዲያገለግሉ በተደረገ ጊዜ፣ ብዙዎቹ ማስተማርን የተማሩት በዚያው ሲያስተምሩ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውና በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም፣ ሽማግሌና ባልቴት ፊደል ለመቁጠር እንደማይሰንፉ አሳይቶ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተሸልሟል።

ሁለተኛው፣ ኅብረቱ አንድ መዝገብ እንዲከፍት ነው። ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በውጭ አገር ያስተማረ ሁሉ፣ የውሉን ዓይነት፣ የተከፈለውንና ያልተከፈለውን፣ የኖረበትን ሁኔታ እንዲነግረን ይጠየቅ። አዲስ ጥሪ የደረሰውም ተማሪ ወረቀቱን አምጥቶ ከመዝገቡ ጋር ያስተያይ። ሞኝ ከራሱ፣ ብልህ ከሰው ይማራል እንደሚባለው፣ የአንዱ መከራ ለሌላው ትምህርት ይሁን።

ይህን ስንል እዚህ ያለውን ጥሪ ረስተን አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ይህ ቁጥር 8.4 በመቶ ሆኗል። መሻሻል አለ፤ ነገር ግን ከመቶ ተማሪ ከዘጠና አንድ የሚበልጠው አሁንም ወድቋል። የውድቀቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ጥያቄ አንብቦ አለመረዳት ግን አንዱ መሆኑን ፈተናውን ያለፍን ሁሉ እናውቃለን። ስለዚህ ሞጣና ቢቸና ከሐርጌሳ ጎን በሚዛን ሊቀመጡ የሚገባቸው ጥሪዎች ናቸው። ለነዚህም ያው ጥያቄ ይቅረብላቸው፦ ኃላፊው ማን ነው? ደመወዙ በጊዜው ይደርሳልን? መምህሩ ሳይሰጋ ማስተማር ይችላልን? መንግሥትም እንደ ማንኛውም አሠሪ ለነዚህ መልስ ሊሰጥ ይገባዋል። መልሱ ሲጠፋ ወጣቱን «ለምን ሄድህ?» ብሎ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች! ሂዱ ወይም ቅሩ የሚል ትእዛዝ ለመስጠት ሥልጣን የለንም። ከሄዳችሁ ግን የትምህርት ቤቱን ስም፣ የአሠሪውን አድራሻና የውሉን ግልባጭ ለቤተሰባችሁና ለአንድ ወዳጃችሁ ሳታስቀምጡ ዓባይን እንዳትሻገሩ አደራ እንላለን። መምህሮቻችንም በዚህ ሰሞን ተማሪ ወረቀት ይዞ ወደ ቢሮአቸው ሲመጣ፣ ተቀምጠው መሥመር በመሥመር አብረውት እንዲያነቡለት እንለምናለን። የተማሪዎች ኅብረት ደግሞ የማታው ክፍልና መዝገቡ ከሚቀጥለው የትምህርት ዘመን መጀመሪያ በፊት እንዲጀመሩ በመጪው ስብሰባው እንዲወስን እንጠይቃለን፤ የተወሰነውንም በሚቀጥለው እትማችን እናስታውቃለን።